በእግሬ የተዳርሁት በማን ጥፋት ነው?

ይህ ጽሑፍ አቤቱታ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ሲጨርስ ግን ፍርዱን ይስጥ።

በደሌ ይህ ነው። ከአባቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት የሄድሁት በእግሬ ነው። እኩዮቼ ሁሉ በበቅሎ ተዳሩ። ታናሽ እህቴ እንኳ፣ አንድ ዐይኗ በጠፋ በቅሎም ቢሆን፣ በበቅሎ ተዳረች። እኔ ብቻ፣ ጨው ልትሸምት እንደወጣች ሴት፣ ያለ ዘፈን ያለ እልልታ ጭቃውን እየረገጥሁ ሄድሁ። ምክንያቱም «ፈት ነሽ» ተባልሁ። የማን ፈት ብትሉ፣ የፊልም ተዋናይ ፈት።

ይህን ሁሉ ዘመን ችዬው ኖርሁ። ዘንድሮ ግን ያ ተዋናይ «በሕይወቱ ሙሉ ሚስት አግብቶ አያውቅም» የሚል ነገር ስልክ ላይ ወጣ። እንግዲህ ዳኞች ሁኑ። እሱ አግብቶ የማያውቅ ከሆነ እኔን ማን ፈታኝ? እኔ የተፈታሁ ከሆነ እሱ በየት በኩል ላጤ ሆነ? እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆኑን ለማወቅ ግን አንደኛ ክፍልም ይበቃል።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። ያኔ ፊልም ሊያነሱ ወደ መንደራችን ሲመጡ ሰው ሁሉ «ሸጋው» አለው፤ እኔም ሸጋው እለዋለሁ። መንደራችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። በሁለት ላንድሮቨር መጡ። የኛ ሰው መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ሊረጩ የመጡ መስሎት እህሉን ሸፋፈነ። ኋላ ሸጋው ከመኪናው ሲወርድ ሴቶቹ እህሉንም ረሱት። ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ፀጉሩ የሚያብለጨልጭ። ፀጉሩ የሚያብለጨልጨው በቅባት መሆኑን፣ ጫማው ከእግሩ ስለሚሰፋ ጥጥ እንደሚጎሰጉስበት፣ ቁንጫ ፈርቶ መኪና ውስጥ እንደሚያድር ግን ውሃ ስቀዳ በዐይኔ አይቻለሁ። ስለ እሱ ስልክ ላይ የሚጽፉት እውነታ ከፈለጉ እኔን ይጠይቁኝ ነበር።

የሠርግ ትርዒት ሊያነሱ ነበር አሉ። ሙሽራ ትሆናለች የተባለችው የአዲስ አበባ ልጅ ጠላ ቀላል መስሏት በጧቱ ሁለት ቆርቆሮ ጠጥታ ተኛች። ብትቀሰቀስ ታለቅሳለች እንጂ አትነሳም። ዋናው አዛዥ፣ ዳይሬክተር የሚሉት፣ መንደሩን ዞሮ ዞሮ እኔን መረጠ። ቁመታችን እኩል ነበር።

«ፊቷ ይሸፈናል፤ ማንም አያውቃትም» አለው አባቴን።

አባቴም «ካልታወቀች ምን ቸገረኝ» ብሎ ፈቀደ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ስለቆየሁ በዚያ ዘመን ዓይን አርጅቻለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሥርዓታችን አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ሴት ልጅ ተሸፍና፣ እልል እየተባለላት፣ ከአባቷ ደጅ በበቅሎ ወጥታ ወንዝ ከተሻገረች ተዳረች ማለት ነው። ማን አሻገራት፣ ለምን አሻገራት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተሻገረች፣ አለቀ። ይህን የፊልም ሰዎቹ አያውቁም። እኛ ደግሞ ፊልም አናውቅም።

በቅሎዋ የአያ ተሻለ ነበረች፤ ክፉ በቅሎ። ከጌታዋና ከልጁ ከሙሉነህ በቀር ሰው አታስቀርብም። ሸፈኑኝ፣ አወጡኝ። በሥርዓቱ ሙሽራዋን በቅሎ ላይ የሚያቅፋት ሚዜ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን «ሙሽራው ራሱ ይቀፋት፣ እንዲህ ያምራል» አለ። ሰውን ሁሉ ራቅ አድርጎ ዋርካው ሥር አቆመ፤ እሱ ከነማሽኑ ማዶ ሄደ። ከኋላዬ ሙሽራው ወጣ። ሙሽራ ወደ ኋላ አትዞርም፤ አልዞርሁም። ሽቶው ግን! በቅሎዋ እንኳ አስነጠሳት። ከሩቅ ያዩት እንደነገሩኝ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ወንዙን ተሻገርን። እልል ተባለ። ወረድሁ። ጨረስን ስል፣ ማዶ ሆኖ የሚጮኸው ሰው «እንደገና!» አለ።

እንደገና ወጣሁ። እንደገና ተሻገርሁ። እንደገና እልል ተባለ። «እንደገና!»

በአራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ኧረ ይቺ ልጅ ለስንት ባል ነው የምትዳረው?» ብለው ጮኹ። በአምስተኛው ላይ የሴቶቹ እልልታ ሳል ሆነ። በስድስተኛው አባቴ ዱላውን አነሳ። በሰባተኛው በቃ ተባለ። የፊልም ሰዎቹ ያቺን የሰከረች ልጅ ጭነው በዚያው ቀን ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። «ልጅቷ ባል አላት። ባሏ ግን በላንድሮቨር ሄዷል» አሉ። አባቴ «ጨዋታ እኮ ነው!» ቢል፣ «በጨዋታ ወንዝ ይሻገራል?» አሉት። ቀኑን ሙሉ የተከራከሩት እኔ ተድሬአለሁ አልተዳርሁም በሚል አልነበረም፤ የሚያስፈልገኝ አንድ ፍቺ ነው ወይስ ሰባት በሚል ነበር። ወደ ማታ «በቅሎዋ አንድ ናትና ጋብቻውም አንድ ነው» ብለው ፈረዱ። ቀጥሎ የጠፋው ባል ወኪል ያስፈልገዋል ተባለ። በማያውቁት ሰው ስም ማን ይቁም? ሙሉነህ ዘሎ ተነሣ።

«እኔ እቆማለሁ» አለ። «በቅሎዋስ የኛ አይደለች?»

ቆመና መሬት መሬት እያየ «ፈትቻታለሁ» አለ። እኔም ተፈታሁ። ዓመት ሳይሞላ ያው ሙሉነህ ራሱ ሽማግሌ ልኮ አገባኝ። እንግዲህ የፈታኝም ያገባኝም አንድ ሰው ነው። ፈት ስለሆንሁ ግን በቅሎ የለም፣ መሸፈኛ የለም፣ ዘፈን የለም። «ምን ይደረግ፣ ሥርዓት ነው» አለኝ፤ በእግራችን ሄድን። ስድስት ልጆች ወለድን፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ገባን፣ አረጀን፣ አብረን ቆረብን። የበቅሎውን ነገር ባነሳሁ ቁጥር አያ ሙሉነህ አንድ የሚጠገን ነገር ትዝ ይላቸዋል። የቤታችን መጥረቢያዎች እጀታ ጠንካራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። የልጅ ልጄ ሃና የቡሬ ልጅ ልታገባ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት አናቷን ቅቤ የምትቀባት ሴት በአንድ ባል የኖረች መሆን አለባት። ሃና በዚያ ቀን ፀጉሯን ግማሽ ቀን ሙሉ ልትሠራ ነው፤ ቅቤ ሲባል ደነገጠች። ከብዙ ክርክር በኋላ «አንዲት ጠብታ፣ እሷንም ከኋላ በኩል» ብላ ተስማማች። አንዲት ጠብታም ብትሆን የኔ ናት ብዬ ቅቤውን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

የሙሽራው አያት እመት ጥሩ ግን ከቡሬ መጥተው ተቀመጡና ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጀመሩ።

«እኛ እንኳን ምን አለብን፤ ለልጆቹ እንዲያው መልካም እንዲሆንላቸው ብለን ነው። ሰው መቼም አያርፍም፤ እኔ በአንድ ባል ስለኖርሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ በወጣትነቱ በአጋጣሚ ወንዝ ስለሚሻገር…»

ወንዝ ሲሉ ገባኝ። ወሬው ቡሬ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ቅቤውን ሊቀቡ የፈለጉት እሳቸው ናቸው።

«እመት ጥሩ፣ በቀጥታ ይናገሩ» አልሁ።

«ኧረ እኔ ምንም አላልሁ!»

እሳቸው በሄዱ ማግስት ነው ሃና ስልኳን እያየች የጮኸችው። «እምዬ፣ ነይ ተመልከች! የአንቺ ሰውዬ!»

አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ያለው አንዱዓለም፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚነሳ ሥራ ፈትቶ፣ «የማታውቋቸው አሥር እውነታዎች» የሚል ነገር ያወጣል። ስለ አንበሳ አሥር፣ ስለ ቲማቲም አሥር። በዚያ ሳምንት ተራው የሸጋው ነበር። ሃና አነበበችልኝ። ሸጋው የተቀቀለ ድንች ይወዳል። ግራኝ ነው። ወደር የሌለው ጋላቢ ስለሆነ በፊልሞቹ ሁሉ የሚጋልበው ራሱ ነው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «ሚስት አግብቶ አያውቅም» አለች። ነጠላዬን አነሣሁ።

በባጃጅ ፎቶ ቤት ሄድሁ። አንዱዓለም ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ አነጋገሩ ግን እንደ ራዲዮ ነው።

«ይህን አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«አዎ እማማ፣ ወደዱት?»

«አግብቶ አያውቅም ያልኸው እውነት ነው?»

«መቶ በመቶ!»

«እንግዲያው በወረቀት ጽፈህ፣ ማኅተም መትተህ ስጠኝ። ‹እኚህን ሴት አላገባም› በል። ለቡሬ ሰዎች አሳያለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «እማማ፣ እኔ እኮ ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት።»

«ኢንተርኔት ምስክር ከሆነ ይምጣና ይማል። ካልማለ ደግሞ ሰባተኛውን አውጣና ‹አንዲት ሴት አግብቶ ፈትቷል› ብለህ አስገባ። ከሁለት አንዱን! ሁለቱንም በኔ ላይ ማድረግ አይቻልም።»

ወንበር ሰጠኝ። ታሪኩን እንድነግረው ለመነኝ። እኔም ሞኟ፣ እውነት የምትስተካከል መስሎኝ፣ ከጠላው ጀምሬ እስከ ፍቺው ዘረገፍሁት። ለካ ስልኩን አቁሞ እየቀዳኝ ነበር።

በማግስቱ ምን ብሎ ቢያወጣው ጥሩ ነው? «የዝነኛው ተዋናይ ድብቅ ሚስት ፍኖተ ሰላም ላይ ተገኘች!»

ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ቀረ። ገበያ ብሄድ በርበሬ ነጋዴዋ «ባለቤትዎ ሌላ ፊልም አልጀመሩም?» ትለኛለች። ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቁሞ «ተነሥ፣ የአርቲስት ሚስት እያለፈች ነው» ይለዋል፤ ፈረሱም ያየኛል። ምንጣፍ እንደተነጠፈለት የክብር እንግዳ ልብሴን እያስተካከልሁ መሄድ ጀመርሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር። አያ ሙሉነህን ደግሞ የዕድር ሰዎች እየመጡ «አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል» ይሏቸው ነበር። እሳቸው መጥረቢያ ይጠግናሉ።

ከሁሉ የከፋው የነፍስ አባታችን መምሬ መምጣታቸው ነው። ሲገቡ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ባልሽ በሕይወት አለ ይባላል። ታዲያ አንቺን ከሙሉነህ ጋር ያቆረብሁት እኔ ምን ልሁን?»

«አባቴ፣ በቅሎ ላይ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም!»

«በቅሎ ላይ ብቻ ከሆነ…» ብለው አሰቡ። «ሰባት ጊዜ ነው የሚሉት።»

«እሱማ ሰባት ነው።»

«ይህ ከበድ ይላል» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ጧት እመት ጥሩ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከቡሬ መጡ። ቅቤም ይዘዋል፤ የራሳቸውን ቅቤ፣ በሸጋ ማሰሮ። ያን ሳይ ደሜ ፈላ። መምሬም ተጠርተው መጡ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ሥር ተቀመጥን። ሃና በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ዐይኗ ቀልቷል። «እምዬ ካልቀባችኝ አልሞሸርም» ብላ ጧት ለእናቷ ተናግራለች። የቡሬዎቹ ደግሞ ሥርዓት ሳይሟላ ሙሽራ አንወስድም ካሉ ሠርጉ መቅረቱ ነው። በኔ ምክንያት፣ አብሬው ባልኖርሁት ባል ምክንያት።

አንደኛው የቡሬ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንዱዓለም ገባ። አቀርቅሯል። ሚስቱ ሳትገርፈው አልቀረችም።

«እማማ፣ ያጠፋሁትን ላስተካክል» አለ። «በሰው በሰው ስልካቸውን አግኝቻለሁ። መስመር ላይ ናቸው።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ሸጋው! ድምፁ ሸምግሏል፤ እንዲያም ሆኖ የፊልም ድምፅ ነው። እመት ጥሩ እንኳ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ጤና ይስጥልኝ» አልሁ። «ከብዙ ዘመን በፊት በቡሬ በኩል ወንዝ ሲሻገሩ አብራዎት በቅሎ ላይ የነበረችው ሴት ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አግብተውኛል ወይስ አላገቡኝም? ካገቡኝ እዚያ ስልክ ላይ ይጻፉልኝ። ካላገቡኝ እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይስማ። የልጅ ልጄ ሠርግ ሊቀር ነው።»

ከስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«እህቴ» አለ፤ «ያ የበቅሎዋ ባለቤት ልጅ፣ ሙሉነህ፣ በሕይወት አለ?»

«ምን ያደርግልዎታል? ባሌ ናቸው። እዚሁ ተቀምጠዋል።»

ሰውየው ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ሙሉነህ! ባል ሆነሃል! አልነገርሃትም እንዴ?»

አያ ሙሉነህ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ጌታው፣ በሚካኤል አስምለውኝ የለም እንዴ!»

«እስከ ዛሬ?»

«መሐላ ነዋ!»

«በል ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ፤ እኔው ልናገር» አለ ሸጋው። «ይስሙኝ እህቴ፤ ሌላውም ሰው ይስማ። እኔ በልጅነቴ በቅሎ ረግጣኝ፣ በቅሎ ካየሁ ጉልበቴ ይከዳኛል። ፈረስም ቢሆን ፎቶ ለመነሳት ያህል ነው። ይህን አገር እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም፤ እንጀራዬ ነበር። ያን ቀን ከሰንሰሉ አጥር ጀርባ ሆኜ ጋቢዬንና ባርኔጣዬን ለሙሉነህ አለበስሁት፤ ሽቶዬንም ረጨሁበት። እኔ እዚያው ተደብቄ ድንች ስበላ ነበር። ወንዙን ያሻገረዎት እሱ ነው። እኔ አላገባሁዎትም፤ መልክዎንም አላየሁ።»

እመት ጥሩ በርጩማቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር» አለ። «ዳይሬክተሩ በሁለተኛው በቃ ብሎ ነበር። ‹በቅሎዋ አንገቷን አጎነበሰች፣ አያምርም፣ አንዴ ደግሞ› እያለ በጆሮው እያንሾካሾከ ሰባት ያደረሰው ሙሉነህ ነው።»

አንዱዓለም ስልኩን ከበርጩማው ላፍ አደረገ፤ አሥረኛ እውነታ ሳይሆን መቶኛ አግኝቷል። መምሬ ጣታቸውን እየቆጠሩ አሰቡ፣ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ያሻገራት ሙሉነህ፣ ያገባት ሙሉነህ። ‹ፈትቻታለሁ› ያለው በዚህ ሰው ስም ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ አላገባም፤ ስለዚህ ፍቺው ባዶ ነው። አንድ ባል ነው!» የቡሬ ሽማግሌዎች «አንድ ባል ነው» አሉ ተቀብለው። እመት ጥሩ ማሰሮውን በእጃቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«የኛም ቅቤ ለጋ ነው» አሉ፤ «ከርስዎ ቅቤ ጋር ቀላቅለው ይቀቧት።»

ሃና መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጉዳዬ ገና አላለቀም። ወደ አያ ሙሉነህ ዞርሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስላቸው ኖሬአለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«አንተ ሰውዬ» አልሁት፤ «ለሰውየው ማልህ፣ መናገር አልቻልህም፣ እሺ። በቅሎዋ ግን የአባትህ ነበረች። ሙሽራዬ አንተው ራስህ መሆንህን እያወቅህ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ለምን በእግሬ ወሰድኸኝ?»

ጢሙን ዳበሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ መጥረቢያ አልፈለገም። ቀና ብሎ አየኝ።

«በበቅሎማ ሰባት ጊዜ ወስጄሻለሁ» አለኝ፤ «የቀረን በእግር ነበር።»